በውሃ በርሜል ውስጥ ስለሚበቅለው አረንጓዴ ዝልግልግ

በበርሜል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ዝልግልግ ዋቅላሚ ወይም አልጌ ይባላል። ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ በጨለማ ዕቃ ውስጥ አይለመልምም። ስለዚህ በርሜሉን በብሩሽ ፈግፍጎ ካጠቡ በኋላ ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን መክደን ያሻል፤ ነጭ ጀሪካን ግን ቢከደንም ብርሃን ያስገባልና ከጥላ ሥር ይቀመጥ።

ተራው አረንጓዴ ጣዕምና ሽታ ቢያበላሽ እንጂ እምብዛም አይጎዳም። እንደ ቀለም ቅብ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ሰማያዊ መሳይ ዓይነት ግን በባሕርዩ ባክቴሪያ ሲሆን፣ አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በማፍላት አይጠፋምና ለከብት እንኳ መስጠት አይገባም።

ብዙ ሰው አረንጓዴውን ካስለቀቀ በኋላ ውሃው ጠራ ብሎ ሳያፈላ ይጠጣል። ይህ ከዝልግልጉ የባሰ አደጋ ነው፤ የአንጀት ተስቦ ጀርም በጠራ ውሃም ይኖራል። ክዳኑ ትንኝንም ይከለክላል፤ በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላልዋን የምትለጥፈው በእንዲህ ያለ ዕቃ ግድግዳ ላይ ነው።