የጎደለውን መቁጠር ልመዱ
የደንበኞች መዝገብ ተሰጥቷችሁ «ስልክ ያልሞሉትን አውጡልን» ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሰንጠረዡን ቁልቁል በዓይኑ መፈተሽ ይቀናዋል። አሥር ሺህ ረድፍ በዓይን አይዘለቅም። በመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል የተጻፈች አንዲት መስመር ኮድ ግን ትጨርሰዋለች፤ እሷን ደግሞ ዛሬ ማታ መልመድ ትችላላችሁ!

በኤስኪውኤል ዋጋ ያልተሰጠው ቦታ «ነል» ስለሚባል፣ መጀመሪያ «ስልክ እኩል ነል» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ባዶዎቹ እዚያው እያሉ አንድም ረድፍ አይመጣም። ብዙዎች «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። እናንተ አትተዉት! ኤስኪውኤል ነልን የሚረዳው «አይታወቅም» ብሎ ነው። የማይታወቅ ነገር ከሌላ ከማይታወቅ ጋር እኩል ነው ወይ ሲባል አዎም አይደለምም አይልም። የእኩል ምልክቱን አንሱና «ስልክ ኢዝ ነል» በሉት፤ የተደበቁት ረድፎች ግልብጥ ብለው ይወጣሉ።

ሁሉም ግን አይወጡም። አንዳንዱ ቦታ ነል ሳይሆን ፊደል የሌለው ባዶ ጽሑፍ ተቀምጦበታል። ሌላው ላይ መዝጋቢው ስፔስ ተጭኖ አልፏል፤ ለዓይን ባዶ ነው፣ ለማሽኑ ግን የተሞላ። «ትሪም» በሚባለው ትእዛዝ ዳርና ዳሩን ቆርጣችሁ ከባዶ ጽሑፍ ጋር አስተያዩት። ኦራክል የሚባለው የመረጃ ቋት ባዶ ጽሑፍን ራሱን ነል ስለሚያደርገው፣ እዚያ ከትሪም በኋላም «ኢዝ ነል» ነው የሚሠራው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ቆጠራውን ነው። «ካውንት» በኮከብ ሲጠራ ረድፉን ሁሉ ይቆጥራል፤ የዓምድ ስም ሲሰጠው ነል ያልሆነውን ብቻ። ሁለቱን ቀናንሱ፣ የነሉ ልክ ቁልጭ ይላል። አማካይም ነልን ዘሎ ነው የሚሰላው። ስለዚህ «የደንበኞቻችን አማካይ ዕድሜ» ሲባል የሰማችሁት ዕድሜያቸውን የሞሉት ሰዎች አማካይ ነው። በስብሰባ መሀል እጁን አውጥቶ «ስንቱ አልሞላም?» የሚል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል። ያ ሰው ለመሆን የዓመታት ልምድ አይጠይቅም፤ ድፍረቱና ሁለቱ ቁጥሮች ይበቃሉ።

ባዶዎቹን ስታገኙ ታዲያ ዜሮ ሞልታችሁ ለመገላገል አትቸኩሉ። ደመወዙ ያልታወቀ ሰው ደመወዝ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰውየውን አስጠይቁና እውነተኛውን አስገቡ። መዝገቡ ሲሟላ ዓምዱን «ኖት ነል» ብላችሁ ቆልፉት። ስፔሱን ግን ይህ አያስቆመውም፤ ለእሱ «ቼክ» የሚባለውን ገደብ ጨምሩበት።