መርዝ ነው ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናትሽን ማይቶኮንድሪያ በሚያመነጫቸው የኦክስጅን ውላጆች ላይ ልትሠሪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኛ ስንማር ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር፦ ማይቶኮንድሪያ ኃይል ሲያመርት ጎጂ ትርፍ ይጥላል፣ ያ ትርፍ ዲኤንኤንና ፕሮቲንን እየቦረቦረ ያስረጃል። የዚህ ትምህርት አባት አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን ነው፤ መላምቱን በ1956 አቀረበ፣ በ1972 ደግሞ ጣቱን ወደ ማይቶኮንድሪያ ቀሰረ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ጉዳቱ እውነት ነው። ይሁንና ህዋስ ይህንኑ «ትርፍ» መልእክት መላኪያ እንደሚያደርገው ከታወቀ ሰንብቷል። መስኩ ያሳስታልና ጥቂት ምክር ልስጥሽ።

1. እያንዳንዱን በስሙ ጥሪው።

«ሪአክቲቭ ኦክስጅን» የጋራ መጠሪያ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጠባያቸው ለየቅል ነው። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ሄደው መጨረሻ ላይ ኦክስጅንን ውኃ ያደርጉታል። ጥቂቶቹ ግን መንገድ ላይ ያመልጡና አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ለኦክስጅን ይደርሰዋል፤ ያኔ ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ሽፋን አልፎ ርቆ አይሄድም። ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች በዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1969 ያስተዋወቁት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ወዲያው ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። ይህኛው ቻርጅ የለውም፣ ረጋ ያለ ነው፣ ሽፋንም ያልፋል፤ ለመልእክተኛነት የበቃውም በዚህ ነው። ልቅ ብረት ሲያጋጥመው ግን ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ስለሚመታ ለማንም የተለየ መልእክት አያደርስም። መልእክተኛውንና አጥፊውን በአንድ ስም የሚጠራ ጽሑፍ ስታነቢ ቆም በዪ።

2. የት እንደተወለደ ጠይቂ።

የኤሌክትሮኖቹ ዋነኞቹ ማምለጫዎች በቅብብሉ ውስጥ ያሉት ኮምፕሌክስ 1 እና ኮምፕሌክስ 3 የተባሉ የፕሮቲን ስብስቦች ናቸው። ከኮምፕሌክስ 1 የሚወጣው ሱፐርኦክሳይድ ማትሪክስ ወደሚባለው ወደ ማይቶኮንድሪያው ሆድ ይገባል፤ ኮምፕሌክስ 3 ግን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይለቃል። ማትሪክስ ውስጥ የሚሠራውን፣ ማንጋኒዝ የያዘውን ዲስሙቴዝ ያጡ አይጦች ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። አቻውን ኢንዛይም ያጣው ሲ. ኤሌጋንስ የተባለ ትንሽ ትል ግን ከሌሎቹ ትሎች ይበልጥ እንደሚኖር በ2009 ታየ። «ሱፐርኦክሳይድ በዛ፣ ዕድሜ አጠረ» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ አይሠራም።

3. መልእክቱን የሚቀበለውን ፕሮቲን ፈልጊ።

«ፐርኦክሳይድ ጨመረ፣ ህዋሱ ተለወጠ» ብሎ ማቆም መካከሉን መዝለል ነው። መካከሉ ላይ ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። በአንዳንድ ፕሮቲኖች ውስጥ የሲስቴይን ሰልፈር ፕሮቶኑን ጥሎ አሉታዊ ሆኖ ይቆያል፤ ፐርኦክሳይድ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ኦክስጅን ይጨምርበታል፣ የፕሮቲኑም ሥራ ይለወጣል። በኋላ ግሉታታዮንና ታዮሬዶክሲን የተባሉት ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ምልክት እንጂ ጉዳት አይደለም የሚያሰኘው ይህ መመለሱ ነው።

ኢንሱሊንን ውሰጂ። ኢንሱሊን ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ተቀባዩ ላይ ፎስፌት ይለጠፋል፤ ፎስፌቱ እስካለ ድረስ መልእክቱ ወደ ውስጥ ይተላለፋል። ፒቲፒ1ቢ የተባለ ኢንዛይም ያንን ፎስፌት እየነቀለ መልእክቱን ያስቆማል። የዚህ ኢንዛይም ሲስቴይን በፐርኦክሳይድ ሲነካ ኢንዛይሙ ለጊዜው ሥራ ይፈታል፣ የኢንሱሊኑም ምልክት ይረዝማል። ግን ተጠንቀቂ፦ ፐርኦክሳይድ ሁሉ ከማይቶኮንድሪያ አይመጣም። ኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ዋና ሥራቸው የኦክስጅን ውላጆችን ማመንጨት ነው። ምንጩን ሳታጣሪ ለማይቶኮንድሪያ አትስጪው።

ሌላም እንቆቅልሽ አለ። ፐርኦክሲሬዶክሲን የተባሉት ጠባቂ ፕሮቲኖች ፐርኦክሳይድን ከፒቲፒ1ቢ በብዙ ሺህ እጥፍ ፍጥነት ይይዙታል። ታዲያ በእነሱ መካከል አልፎ እንዴት ይደርሳል? አንደኛው መልስ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተቀብለው ያቀብላሉ የሚል ነው፤ ፐርኦክሲሬዶክሲን 2 ስታት3 ለተባለው የጂን ተቆጣጣሪ እንዲህ ሲያቀብል በ2015 ታይቷል። ሁለተኛው ጠባቂዎቹ በአንድ አካባቢ ለጊዜው ሲደክሙ መንገዱ ይከፈታል ይላል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ለወጣት ተመራማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

4. መጠኑንና ሰዓቱን አትርሺ።

የእድር ጥሩምባ ጎህ ሳይቀድ አንዴ ቢነፋ ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋ ቢያድር ግን የሚሰማው አይኖርም፣ የሚታወከው ብቻ ይበዛል። ፐርኦክሳይድም እንዲሁ ነው። «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» የሚለውን ስያሜ በ1985 ያስገባው ጀርመናዊው ሄልሙት ሲስ ኋላ ላይ በጎውን ከጎጂው ለይቶታል። በእሱ ግምት በህዋስ ውስጥ ጤናማው መጠን ከ1 እስከ 10 ናኖሞላር አካባቢ ነው፤ ከ100 ሲያልፍ ጉዳቱ ይጀምራል። በብዙ ላብራቶሪ ግን ህዋስ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር ይጨመራል። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከውጭው እጅግ ቢያንስም፣ ህዋስ በተፈጥሮው የማያየውን መጠን ሰጥቶ ስለ ተፈጥሮው መናገር አይቻልም።

5. ኦክስጅን ሲያንስ የሚሆነውን አስቢ።

ኦክስጅን ሲቀንስ ውላጆቹም ይቀንሳሉ ብሎ መጠበቅ ያስኬዳል። ናቭዲፕ ቻንዴል፣ ፖል ሹመከርና ባልደረቦቻቸው በ1998 ያሳተሙት ግን ተቃራኒውን ነው፦ ኦክስጅን ሲያንስ ከማይቶኮንድሪያ የሚወጣው ይጨምራል፣ ኤችአይኤፍ-1 የተባለውን የጂን ተቆጣጣሪም ያነቃል። ህዋስ የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቅ የፈቱት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ በ2019 ኖቤል ተሸለሙ፤ የማይቶኮንድሪያ ድርሻ ግን አሁንም ያከራክራል። ሌሎቹ «ማይቶኮንድሪያ ሲታገድ ኤችአይኤፍ የሚቀንሰው ኦክስጅን መፍጀቱ ስለሚቆም ነው፤ የተረፈው ኦክስጅን ኤችአይኤፍን ለሚያስወግዱት ኢንዛይሞች ይደርሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው» ይላሉ። ሁለቱንም ወገን አንብቢ። ጥያቄው ለአገራችንም ቅርብ ነው፦ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እንዳሳዩት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች አይለይም። የእነሱ ማይቶኮንድሪያ ምን ምልክት ይልክ ይሆን?

6. ስለ እንክብል ሲጠይቁሽ ቶሎ አትመልሺ።

ዘመድ አዝማድ ሙያሽን ሲሰማ «ታዲያ የትኛውን ቫይታሚን ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። በ2009 ማይክል ሪስቶውና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን አስታውሺ። ጤናማ ወጣት ወንዶችን ለ4 ሳምንት ስፖርት አሠሯቸው፤ ከፊሎቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ወሰዱ። እንክብል ያልወሰዱት ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ሰጠ፤ በወሳጆቹ ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ስፖርቱ የሚፈጥራቸው የኦክስጅን ውላጆች ህዋሱ የራሱን መከላከያ ኢንዛይሞች እንዲያመርት ያዙት ነበር፣ እንክብሉ ትእዛዙን አፈነው ሲሉ አብራሩ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1994 በታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,133 ወንድ አጫሾች ተሳትፈው ነበር፤ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህም የሆነው ምልክት ስለታፈነ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ያ አልተረጋገጠም። ለዘመድሽ ግን «ጎመኑንና ፍራፍሬውን ብላ፣ ሐኪም ያዘዘልህን አታቋርጥ፣ በራስህ ፈቃድ አትጨምር» ብትዪው ይበቃል።

7. መለኪያሽን ፈትኚ።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዲሲኤፍ የተባለ ማቅለሚያ ከፐርኦክሳይድ ጋር በቀጥታ አይዋሃድም፤ ብረትም አንዳንድ ኢንዛይሞችም ያበሩታል። ሱፐርኦክሳይድን ለማየት የሚጠቀሙበት ሚቶሶክስ የተባለ ማቅለሚያ ደግሞ ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገባው በሽፋኑ ቮልቴጅ ተስቦ ነው፤ ቮልቴጁ ከተለወጠ ሱፐርኦክሳይዱ ባይለወጥም ብርሃኑ ይለወጣል። ኤን-አሴቲልሲስቴይን የተባለውን ፀረ-ኦክሲዳንት ጨምረሽ ምልክቱ ቢጠፋ «ፐርኦክሳይድ ነበር» ለማለት አትቸኩዪ፤ ከፐርኦክሳይድ ጋር የሚዋሃደው በዝግታ ነው፣ ሌላም ብዙ ነገር ይነካል። በ2006 የወጣው ሃይፐር የተባለ ጠቋሚ ፕሮቲን በጂን መልክ ገብቶ ወደፈለግሽው የህዋስ ክፍል ስለሚላክ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በአሲድነት ለውጥ ይታለላልና ማነጻጸሪያ አዘጋጂለት። ኬሚካል ውድ በሆነበት ላብራቶሪ አንድ በደንብ የታሰበ ማነጻጸሪያ ከአሥር ደማቅ ምስል ይበልጣል።

8. ዓረፍተ ነገርሽን ሳታጎድዪ ጻፊ።

ለአማካሪሽ ውጤት ከማቅረብሽ በፊት ይህችን ሙያት፦ «ይህ ሞለኪውል፣ ከዚህ ቦታ ወጥቶ፣ የዚህን ፕሮቲን ይህን ሲስቴይን፣ በዚህ መጠን ለዚህን ያህል ጊዜ ነክቶ፣ ይህን ለውጥ አመጣ።» በማስረጃ የሞላሽውን ጻፊ፣ ያልሞላሽውን ክፍት ተዪ። የሚቀጥለው ሙከራሽ ክፍት ከተውሻቸው ቦታዎች አንዱ ነው።