ስለ ዝምታና ስለ እውነት

የጠቢባንን መጻሕፍት ማንበብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያነበብነውን ከኑሯችን ጋር ካላስተያየነው ንባቡ ከከንፈር አያልፍም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንመርምር፤ ይኸውም ሰው እውነትን እያወቀ ዝም ቢል ኃጢአት ይሆንበታልን? የሚል ነው።

ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሱት የጥበብ መጻሕፍት አንዱ የጠቢቡ የስክንድስ ዜና ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናን ያስተምሩ የነበሩት ክላውድ ሰምነርም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለዚሁ መጽሐፍ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል።

ስክንድስ በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ተልኮ ሳለ ሴቶችን ሁሉ የሚነቅፍ ቃል ሰማ። ቃሉን ሊፈትን ወድዶ ከብዙ ዘመን በኋላ ማንነቱን ሰውሮ ወደ እናቱ ቤት ገባ፤ በገንዘብም አባበላት። እርሷ እሺ ባለች ጊዜ ክፉ ነገር ሳያደርግ አድሮ፥ ሲነጋ ልጇ መሆኑን ገለጸላት። እናቱም ከኀፍረት የተነሣ ሞተች። እርሱም ለሞቷ ምክንያት የሆነው አንደበቱ መሆኑን ዐውቆ ዳግመኛ ላይናገር ቈረጠ። የሮም ንጉሥ ሐድርያን በሞት ቢያስፈራራውም አልተናገረም፤ ለንጉሡ ጥያቄዎች ግን በጽሕፈት መለሰ።

እንግዲህ የስክንድስ በደል ምንድር ነው ቢሉ፥ ሐሰት መናገሩ አይደለም፤ የተናገረው እውነት ነበርና። በደሉ እናቱን ለሰማው ቃል መፈተኛ ማድረጉ ነው። ፍቅር የሌለበት እውነት እንደ ሰይፍ ይቈርጣል። ዝምታውስ እውነትን መሰወር ነውን ቢሉ፥ አይደለም፤ አፉን ዘጋ እንጂ ለጠየቀው መልስ አልነፈገምና።

በቅዱስ ወንጌልም ጌታችን በሄሮድስ ፊት ዝም ማለቱን፥ መጥምቁ ዮሐንስ ግን ይህንኑ ሄሮድስን ሳይፈራ መገሠጹን እናነባለን። ንጉሡ አንድ ሲሆን ዝምታና ንግግር ስለ ምን ተለያዩ? ጌታችን ዝም ባለ ጊዜ መከራውን የተቀበለው ራሱ ነው፤ በሌላ ላይ አልጣለውም። ዮሐንስ ግን ዝም ቢል የንጉሡ በደል ለሕዝቡ ሁሉ መሰናክል በሆነ ነበር። ስለዚህ ዝም ስንል አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፥ «የዝምታዬን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?» ብለን ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ደወሌ በሶማሌ ክልል፥ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በሚዋሰኑበት ያለች የባቡር ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ በዚያ ያልፍ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው ያልፋል። አንድ ምእመን በዚህ ባቡር ሲመጣ፥ አንዲት ባልቴት ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅ ከወንበር በታች ስትሸሽግ አየ እንበል። የጉምሩክ ፈታሹ ጨርቁን አግኝቶ «የማን ነው?» ቢል ሁሉም ዝም አለ፤ ፈታሹም በአጠገቡ የቆመውን ወጣት ተሸካሚ ያዘ። ባልቴቲቱ ልጆቿን የምታሳድግ ድኻ ናት። ምእመኑ ምን ያድርግ?

ዝም ቢል የራራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የራራው በሌላው ዕዳ ነው፤ ያ ወጣትም እናት አለችው። ደግሞ ቸኵሎ ባልቴቲቱን በሰው ፊት ቢያዋርዳት የስክንድስን በደል ይደግማል። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ እርሷ ዘወር ብሎ «እናቴ፥ ልጁ ሳይወሰድ እርስዎ ይናገሩ፤ እኔም ከጎንዎ እቆማለሁ» ይበላት። እንቢ ብትል ግን የወጣቱን ንጹሕነት ይመስክር፤ ከመሰከረም በኋላ አይሽሽ፤ ስለ እርሷ ይለምን፥ ከኪሱም ይርዳት። እንዲህ ሲሆን እውነትና ምሕረት አይጣሉም።

የንስሐ አባት የሰማውን ኑዛዜ መሰወሩስ? ያ ሌላ ነው። ኑዛዜ ኃጢአተኛው ራሱን የከሰሰበት ቃል ነውና፥ ካህኑ ምስጢሩን ይጠብቃል፤ ተናዛዡን ግን የበደለውን እንዲክስ ያዝዘዋል እንጂ አይተወውም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ወርቅ ግን የራስ ሲሆን ነው የሚያስመሰግነው፤ ከንጹሕ ሰው ኪስ የተወሰደ ወርቅ ስርቆት ነው። እንግዲህ ማታ ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር የተናገርነውን ብቻ ሳይሆን፥ ዝም ያልነውንም አብረን እንቍጠር።