የስኳር በሽታና የእግር ቁስል፦ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ምን ይሠራል?

ስኳር ያለበት ሰው የመጀመሪያውን የእግር ቁስል ብዙ ጊዜ ራሱ አያየውም። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቮች ይደነዝዛሉ፤ እሾህ ቢወጋ፣ ጫማ ቢልጥ አይሰማም። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ በቀጭን ነጠላ ጫማ የጋለ አስፋልት ላይ የዋለ እግር ሊቃጠልም ይችላል። ባለቤቱ የሚያውቀው ማታ እግሩ ውኃ ቋጥሮ ሲያገኘው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሐኪሙ ቁስሉን ያክማል፣ መድኃኒት ያዛል። በሽተኛው ቁስሉን ለሁለት ሳምንት ለምን እንደ ደበቀ የሚጠይቀው ግን «ሶሻል ወርከር» የምንለው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነው።

ከአሊ አዴ ወደ ጅቡቲ ከተማ መጥተው በቀን ሥራ ጭነት የሚያወርዱ አንድ ጎልማሳ አሉ እንበል።

«ጋሼ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«ምንም አይደል ልጄ፣ ጫማ ነው የላጠኝ።»

እኚህ ሰው ቁስሉ ጠፍቷቸው አይደለም። ካረፉ የዕለቱ ገንዘብ ይቀራል፤ ቤት የሚጠብቃቸው ቤተሰብ አለ። ስለዚህ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ቢባሉ «አዎን» ብለው ያልፋሉ። ጥሩ ሠራተኛ እንዲህ አይጠይቅም። ትናንት ማታ ምን በሉ? ውኃ የሚቀዳልዎት ማን ነው? መርፌውን ማን ይወጋልዎታል? በጾም ቀን መርፌውን እንዴት ያደርጋሉ? መልሱ ከካርዱ ላይ የማይገኝ ነገር ያወጣል። ምግብ ሳይቀምሱ እንደ ወትሮው ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉና፣ ጉዳዩ ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ኢንሱሊንን በተመለከተ ብዙ ሰው «ማቀዝቀዣ ስለሌለኝ ይበላሽብኛል» ብሎ ሕክምናውን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ የዳዳብ መጠለያን ሙቀት መሠረት አድርገው ያካሄዱት ጥናት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከዚህ በላይ ለሚሞቅ ቀን እርጥብ የሸክላ ማሰሮ ይረዳል። በባሕሩ ዳር እርጥበት አየር ግን ማሰሮው በደረቅ አገር የሚያቀዘቅዘውን ያህል አያቀዘቅዝም። ጠርሙሱን በረዶ ላይ ማስቀመጥም ያበላሸዋል። የእርስዎን መድኃኒት ለስንት ቀን በቤት ማቆየት እንደሚቻል ነርሷን ይጠይቁ።

ሌላው ሥራ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ስደተኛው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ በወረቀት ይኑር እንጂ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ፔልቲዬ ሆስፒታል ገብቶ በፈረንሳይኛ የሚነገረውን ካልተረዳ ምን ይጠቅመዋል? አንዳንዴ የአሥር ዓመት ልጅ ያስተረጉማል። በእኔ አስተያየት ይህ መቅረት አለበት። «የአባትህ እግር ይቆረጣል» የሚለውን ቃል ሕፃን ልጅ ለአባቱ ሊያደርስ አይገባም።

እግር ከተቆረጠም ሥራው አያልቅም። መጸዳጃው ስንት እርምጃ ይርቃል? ክራንች አሸዋ ላይ ይሰምጣል ወይ? ራሽን ማን ተሰልፎ ይቀበላል? ተቀምጦ የሚሠራ ምን ሥራ አለ? ሰውየው ዝም ማለት፣ ምግብ መተው ከጀመረ ደግሞ የሐዘኑን ጉዳይ ለሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሠራተኛው መድኃኒት አያዝም፣ መጠኑንም አይለውጥም። እንዲህ የሚያደርግ ካጋጠማችሁ አትቀበሉ።

እስከዚያው ግን ማታ ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ በጣቶቻችሁ መካከል አድርቁ። የውስጥ እግራችሁን በመስታወት እዩ፤ ዓይን ከደከመ ልጅ ይይላችሁ። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉት። እግር ካበጠ፣ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።