ስለ ቍንጫ፤ ውሻንና ግቢን ከርሱ ስለ ማጽዳት

በከፋ አገር ብዙው ገበሬ ውሻ አለው። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅለት፤ ሌሊትም ከደጅ ኾኖ የሚጮኽለት ርሱ ነው። ይህ ዘበኛ ቀን ከሌት ሰውነቱን ሲያክ፤ የጅራቱንም ሥር ሲነክስ የታየ እንደ ኾነ ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይገባውም። ዛሬ ውሻውን ያሳከከው ነገር ከጥቂት ቀን በኋላ በልጆቹ መኝታ ውስጥ መገኘቱ አይቀርምና። ውሻውን ረግሞ ከቤት የሚያባርር ሰው አለ፤ ውሻው ሲሄድ ግን ቍንጫው ኹሉ አብሮት አይሄድም። የሚበዛው ዘሩ ያለው ከመሬቱ ውስጥ ነው፤ እንዲያውም ደም የሚያገኝበት እንስሳ በጠፋ ጊዜ ወደ ሰው ይዞራል።

ቍንጫ ክንፍ የሌለው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚኾን ደም መጣጭ ነፍሳት ነው። ገላው ከግራና ከቀኝ ጠፍጣፋ ስለ ኾነ በጠጕር መካከል እንደ ልቡ ይሄዳል፤ የኋላ እግሮቹም ብርቱዎች ስለ ኾኑ ወደ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይዘላል። ሴቲቱ ደም ከጠጣች በኋላ በኹለት ቀን ውስጥ እንቍላል መጣል ትጀምራለች፤ በበረታችም ጊዜ በቀን ከ40 እስከ 50 ትጥላለች። እንቍላሉ ነጭና ልሙጥ ስለ ኾነ ከጠጕር ላይ አይቈይም፤ ውሻው በተራገፈና በተኛ ቍጥር እንደ ጨው ይበተናል። ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዐይን የሌለው ቀጭን ነጭ ትል ይፈለፈላል። ትሉ ሰውንም እንስሳንም አይነክስም፤ ምግቡ ትልልቆቹ ቍንጫዎች ያራገፉት፤ ደም ያለበት ደረቅ ኵስ ነው። ካደገ በኋላ እንደ ሐር ትል ድር ሠርቶ በውስጡ ይሸሸጋል፤ ድሩም የሚያጣብቅ ስለ ኾነ አፈርና ጕድፍ ለብሶ ከመሬቱ አይለይም። በአንድ ግቢ ካለው የቍንጫ ዘር ኹሉ፤ አድጎ የሚዘለውና የሚናከሰው ከመቶው ዐምስት ያህል ብቻ እንደ ኾነ ይገመታል። ውሻውን ብቻ አጥቦ መተው ከንቱ ድካም የሚኾነው ስለዚህ ነው።

ትሉ ብርሃን ይጠላል፤ ድርቀትም ይገድለዋል። ፀሓይ በሚመታው በተጠረገ ሜዳ አይኖርም። የከፋ አገር ግን ዝናቡ ረዥም፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፤ በየጓሮውም ያለው የእንሰትና የቡና ተክል ጥላው የበዛ ስለ ኾነ ለትሉ እጅግ የተመቸ ነው። ይህ ማለት ግን እንሰቱ ይቈረጥ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚመክር ቢኖር ከቍንጫው የባሰ ጉዳት ያመጣል። የሚያስፈልገው ውሻው የሚተኛበትን ለይቶ ማወቅ ነው። ለዚህም ሥራ ከተማሪዎች የተሻለ ሰው የለም። ሦስት ቀን ያህል ውሻው በጧት፤ በቀትርና በማታ የት እንደሚጋደም ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጎተራው ሥር፤ ከእንሰቱ ጥላ፤ ከምድጃው አጠገብ ወይም ከመደቡ ጥግ ነው። ከነዚህ ስፍራዎች ውጭ ያለውን ግቢ ኹሉ ለማጽዳት መድከም አያስፈልግም።

ውሻው ቍንጫ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ውሃ የነካው ነጭ ጨርቅ ከውሻው በታች ይነጠፍና ጠጕሩ ጥርሱ በጠበቀ ማበጠሪያ ይበጠራል። ከጠጕሩ የሚረግፈው ጥቍር ቅንጣት አፈር የኾነ እንደ ኾነ በጨርቁ ላይ ጥቍር ኾኖ ይቀራል፤ የቍንጫ ኵስ የኾነ እንደ ኾነ ግን በውሃው ሲርስ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የውሻው ደም ነውና።

ውሻው በሚታጠብበት ቀን አስቀድሞ የአንገቱ ዙሪያ በሳሙና አረፋ ይቀባል። እንዲህ ካልተደረገ ቍንጫው ውሃውን ሸሽቶ ወደ ጆሮውና ወደ ዐይኑ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ገላው ኹሉ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታሻል፤ አረፋው ጥቂት ደቂቃ ከቈየ በኋላ ይለቀለቃል። በማበጠሪያው የተያዘው ቍንጫ ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይጣላል፤ በንጹሕ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በሳሙና ውሃ ግን ይሰጥማል። ለቡችላዎች ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አይታሰብ። ቍንጫ የበዛበት ቡችላ ደሙ አልቆ እስከ መሞት ይደርሳልና ማበጠሩ በየቀኑ ሊደረግለት ይገባል።

በዚያው ቀን መኝታው ይጸዳል። የውሻው መኝታ ደረቅ የእንሰት ኮባ ቢኾን መልካም ነው፤ በየሳምንቱ ከሣር ቤትና ከጎተራ ርቆ ይቃጠላል፤ አዲስ ይነጠፋል። ጆንያ የኾነ እንደ ኾነ ግን በፈላ ውሃ ይነከርና በፀሓይ ይሰጣል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ቢሠራለት ከሥሩ ለመጥረግ ይመቻል። የቤቱ ወለል በየቀኑ፤ በተለይ ጥግ ጥጉ ይጠረጋል፤ ጥራጊውም ከደጅ አይደፋም፤ ይቃጠላል። የተሰነጠቀ ወለል በጭቃና በእበት ሲለቀለቅ ትሉ የሚሸሸግበት ስንጥቅ ይደፈናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዝናቡ ስለሚቀንስ ቍንጫን ለመዋጋት የተሻለው ወራት ይህ ነው።

በድር ውስጥ ያለው ቍንጫ ግን በመጥረግም በማጠብም ቶሎ አያልቅም። ለብዙ ሳምንት፤ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሳይወጣ ይቈያል፤ የእግር ኮቴ፤ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ይነቃል። ባዶውን ከርሞ በተከፈተ ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው በቍንጫ የሚወረረው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ሥራው ቢያንስ ኹለት ወር ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይገባል። መቀነሱን ለማወቅ ማታ የሳሙና ውሃ ያለበት ሰፊ ሳሕን ከወለሉ ላይ ይቀመጥና ከላዩ ፋኖስ ይንጠለጠላል፤ ብርሃኑን አይቶ የዘለለው በጧት ሰጥሞ ይቈጠራል። ክዳን የሌለው ኩራዝ ግን ለዚህ አይኾንም፤ ቤት ያቃጥላል።

ቍንጫ ከማሳከክም በላይ ጉዳት አለው። የውሻ ኮሶ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው በቍንጫ ነው፤ ከውሻ ጋር የሚጫወት ሕፃንም ቍንጫ ሳያውቅ የዋጠ እንደ ኾነ ይይዘዋል። ከኹሉ የከፋው ግን ሙጀሌ ነው። ሙጀሌም የቍንጫ ወገን ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲኾን፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1872 ቶማስ ሚቸል የተባለች መርከብ ከብራዚል ወደ አንጎላ በጫነችው አሸዋ ውስጥ ገብቶ እንደ መጣ፤ ከዚያም አፍሪካን አቋርጦ እንደ ተስፋፋ ይነገራል። ሴቲቱ ከእግር ጣት ሥር ገብታ እንደ አተር ታብጣለች፤ ውሻም በመዳፉ ይዞ ከግቢ ወደ ግቢ ያደርሳታል። ሙጀሌ የበዛበት ልጅ ጣቱን እያነሣ በተረከዙ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ይቀራል። በአንድ መርፌ ወይም እሾኽ የብዙ ልጆችን እግር መፈልፈል እጅግ አደገኛ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍና ሌላም በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል። ጫማ ማድረግ፤ ማታ ማታ እግርን በሳሙና ታጥቦ መመልከት፤ የገባም እንደ ኾነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ስለ መርዝ የሚቀረው ይህ ነው። ለነቀዝ ወይም ለሰብል የተሠራ ዱቄት ከውሻ ላይ አይነሰነስም፤ ውሻ ራሱን ስለሚልስ መርዙን ይውጠዋል፤ የሚያቅፈውም ልጅ ይነካዋል። ለውሻ የሚኾነውን መድኃኒት ከነመጠኑ የእንስሳት ሐኪም ያዛል። ፔርሜትሪን የተባለው ለውሻ ቢስማማም ድመትን ይገድላል፤ ንብንና ዓሣንም ይፈጃል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው በከፋ ደን ውስጥ ቀፎ በየዛፉ ይሰቀላልና፤ መድኃኒት የተቀባ ውሻ በወንዝ አይታጠብም፤ መርዝም አበባ በያዘ ቡናና ቀፎ ባለበት ጓሮ አይረጭም። የተቀባበት ጨርቅና ባዶው ጠርሙስ ከምንጭ ርቆ በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበራል።