ስለ «ኢስተዋ» ቃል፤ የቁርኣን ግልጽ ንባብና የከላም ሊቃውንት ሥርዓት



አንባቢ ሆይ፥ ቡኻሪና ሙስሊም ባስተላለፉት ሐዲስ ጌታችን በሌሊቱ የመጨረሻ ሢሶ ወደ ቅርቢቱ ሰማይ እንደሚወርድ፥ ለሚለምነውም እንደሚሰጥ ተነግሯል። በዚያች ሰዓት ተነሥቶ እጆቹን የሚዘረጋ ሰው ይህን ነገር በልቡ እንደምን አድርጎ ይያዘው? ይህም አይባልም፥ ያም አይባልም እያለ ከአላህ ሲያርቅ ያደረ ሰው ዱዓው ይደርቅበታል። ልቡን ያለ ልጓም የለቀቀም ሰው ራሱ የሣለውን ሥዕል ወደ ማምለክ ይደርሳል። እንግዲህ ይህ ጕዳይ የመድረሳ ክርክር ብቻ እንዳይመስልህ። ጕዳዩ ሰፊ ስለ ሆነ ግን በዚህ ትምህርት አንዲት ቃል ብቻ ይዘን እንመለከታለን።

ቃሊቱ «ኢስተዋ» ናት። በሱረቱ ጣሃ በ5ኛው አንቀጽ ስለ አልረሕማንና ስለ ዐርሹ የተነገረው በዚህች ቃል ነው፤ ይህን የመሰለው አነጋገር በቁርኣን ውስጥ ሰባት ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን ቃሊቱ በሌላም ስፍራ አለች። የኑሕ መርከብ በጁዲ ላይ ማረፏ (ሁድ 44)፥ ሙሳ ጐልምሶ መብሰሉ (አልቀሰስ 14)፥ ቡቃያ በአገዳው ላይ መቆሙ (አልፈትሕ 29)፥ ሰዎችም በመርከብና በእንስሳ ጀርባ ላይ ተደላድለው መቀመጣቸው (አልዙኽሩፍ 13) የተነገረው በዚህችው ቃል ነው። አስተውል፤ መርከብ ታርፋለች፥ ጐልማሳ ይበስላል፥ ቡቃያ ይቆማል፥ ጋላቢ ይቀመጣል፤ ቃሊቱ አንዲት ስትሆን ፍችዋ እንደ ባለቤቷ ይለያያል። ታዲያ ባለቤቱ አምሳያ የሌለው መሆኑ በሱረቱ አልሹራ በ11ኛው አንቀጽ የተነገረለት ጌታ ሲሆን ምን እንላለን?

ዐረብኛውን በቃሉ የሚያጠና ልጅ ቃሊቱን እንዳለች ይዞ ያልፋል፤ ተርጓሚ ግን እንዲህ ማለፍ አይችልም። «ተቀመጠ» ቢል አካልን ያሳስባል፤ «ከፍ አለ» ቢል ስፍራን፤ «ገዛ» ቢል ደግሞ የአንዱን ወገን ፍች በቁርኣን ስም መጻፉ ነው። «ተደላደለ» የሚለው በዙፋን ላይ ለተቀመጠም፥ ነገሩ ለጸናለትም ስለሚነገር ይሻላል እላለሁ፤ ይሁን እንጂ እርሱም ምርጫ ነው። «እኔ ግልጹን ቃል ብቻ ነው የማነበው» የሚል ሰው ይህን ይመርምር።

በመዲና ይኖሩ የነበሩትን ኢማም ማሊክ ኢብን አነስን (በ179 ዓመተ ሂጅራ፥ ማለት በ795 እ.ኤ.አ. የሞቱትን) አንድ ሰው መጥቶ አላህ በዐርሹ ላይ «ኢስተዋ» ያለው እንዴት ነው ሲል ጠየቃቸው። ኢማሙም ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ አቀረቀሩ ይባላል። የመልሳቸውም ፍሬ ነገር ቃሉ ያልታወቀ እንዳይደለ፥ እንዴትነቱ ግን በአእምሮ እንደማይደረስበት፥ ማመኑ ግዴታ፥ መመርመሩ ግን ቢድዓ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነበር። ከዚያም ሰውየውን አስወጡት። የሚያስገርመው ነገር፥ ምርመራን ለመዝጋት የተነገረው ይህ መልስ ራሱ የምርመራ ምንጭ ሆነ። አንዱ ወገን፥ የታወቀው የቃሉ ትርጕም ነው፥ የተሰወረው እንዴትነቱ ብቻ ነው አለ። ሌላው ወገን ግን፥ የታወቀው ቃሉ በቁርኣን ውስጥ መኖሩ ነው፥ ትርጕሙ ለአላህ ይተዋል አለ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ማሊክን ይጠቅሳሉ።

የከላም ሊቃውንት ይህን ዕውቀት ያነሡት ለተንኰል አልነበረም። ሙዕተዚላዎች የአላህን አንድነት ለመጠበቅ ብለው፥ አካልን የሚያስመስለውን ቃል ሁሉ በተእዊል ፈቱት። አጥሩ ለእርሻው መልካም ነበር፤ አጥሩ እርሻውን መብላት ሲጀምር ግን ነገሩ ተበላሸ። በ218 ዓመተ ሂጅራ (በ833 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋ አልመእሙን ቃዲዎችና ዑለማዎች ቁርኣን ፍጡር ነው እንዲሉ በግዴታ ያስመረምራቸው ጀመር። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ታሰሩ፤ በወንድሙ በአልሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። እርሳቸው ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ከአላህ መጽሐፍ ወይም ከመልእክተኛው ሱንና ማስረጃ አምጡልኝ የሚል። ግርፋቱ የከላምን ሰዎች ክብር ለብዙ ዘመን አጐደፈ። ሆኖም እውነቱን እንናገር፤ «ያልተፈጠረ» የሚለውም ቃል ፊደሉ በቁርኣን ውስጥ አይገኝም። ጠያቂው የከላምን ጥያቄ ሲያመጣ መላሹም በዚያው ቋንቋ ለመመለስ ይገደዳል።

ከዚህ በኋላ አቡል ሐሰን አልአሽዐሪ (በ324 ዓመተ ሂጅራ፥ በ936 እ.ኤ.አ. የሞቱት) ከሙዕተዚላው መምህራቸው ከአልጁባኢ ተለይተው በከላም መሣሪያ ለሱንና መከራከር ጀመሩ። ከተከታዮቻቸውም መካከል ብዙዎች ወደ ተእዊል አዘነበሉ። ታላቁ አልጁወይኒ ግን «አልዐቂደቱ አልኒዛሚያ» በተባለው መጽሐፋቸው ትርጕሙን ለአላህ ወደ መተው ተመለሱ፤ ደቀ መዝሙራቸው አልገዛሊም በ505 (በ1111 እ.ኤ.አ.) ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ተራውን ሕዝብ ከከላም ስለ መለጐም መጽሐፍ ጻፉ። ከሥርዓቱ ጥልቅ የገቡ ሰዎች ልጓሙን ራሳቸው መፈለጋቸውን ልብ በል።

የደማስቆው ኢብን ተይሚያ (በ728፥ በ1328 እ.ኤ.አ. የሞቱት) ጠንካራ ጥያቄ አቀረቡ፤ ፍጡር እጅ ስላለው ለአላህ የተነገረውን «እጅ» ከሸሻችሁ፥ ፍጡር ዕውቀትና ፈቃድም አለውና እነዚህን ስለ ምን ተቀበላችሁ? አሽዐሪዮች ሲመልሱ፥ ዕውቀት በቋንቋ የአካል ክፍል አይደለም፥ እጅ ግን ነው አሉ። እኔ ጥያቄው ከመልሱ ይበረታል እላለሁ። ነገር ግን «እንደ እጆች ያልሆነ እጅ» የሚል ሰው የቋንቋውን ተራ ፍች እርሱም ጥቂት ትቶታል፤ ይህን ሳያምን ወንድሙን ቃል አጣማሚ ሊለው አይገባም። ስለዚህች ቃል ሲሉ አንዱ ከሌላው ኋላ አልሰግድም የሚሉ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል፤ በሱጁድ ላይ ሁለቱም ከፍ ያለውን ጌታ ያጠራሉና።

በሱረቱ ኣል ዒምራን በ7ኛው አንቀጽ ጌታችን የመጽሐፉን ግልጽና አሻሚ አንቀጾች ለይቶ ይናገራል። በዚያ አንቀጽ ቃሪእ የግድ ይመርጣል። የአሻሚውን ፍች የሚያውቀው አላህ ብቻ መሆኑ በተነገረበት ስፍራ ቆሞ ቢተነፍስ፥ በዕውቀት የጠለቁት የማያውቁትን የሚያምኑ ይሆናሉ። ሳይቆም ቢያልፍ ግን እነርሱም ከሚያውቁት ወገን ይቈጠራሉ። ብዙዎቹ ሰሓባዎችና ታቢዒዎች ቆመዋል፤ ከኢብን ዐባስ ሁለቱም ተላልፏል። በብዙ ሙስሐፎች በዚያ ስፍራ የወቅፍ ምልክት ታትሟል። ነገር ግን ብትቆምም ብታልፍም፥ ቀጥሎ በጠለቁት ሰዎች አፍ የሚመጣው ቃል አይለወጥም፤ እርሱም ሁሉም ከጌታቸው ዘንድ መሆኑን ማመናቸው ነው።