ቃል በቤት ይዘራል

ሕፃን ሲወለድ አፉ ባዶ ነው፤ ጆሮው ግን ክፍት ነው። ቃልን ሁሉ የሚማረው ከሚያሳድጉት ሰዎች አፍ እየሰማ ነው። ስለዚህ የልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ምድጃው ዳር ነው፤ የመጀመሪያ መምህሮቹም እናቱና አባቱ፥ ታላላቅ ወንድሞቹና እኅቶቹ ናቸው።

ቃል የጎደለው ልጅ ምን ያህል እንደሚቸገር በሕመም ጊዜ ይታያል። ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ራስ ይፈልጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ጎን ይወጋል፤ ቁስል ይጠዘጥዛል። ይህን ለይቶ የሚናገር ልጅ ያመመውን ስፍራና የሕመሙን ዓይነት ስለሚያስታውቅ፥ ወላጆቹም ሐኪሙም ፈጥነው ሊረዱት ይችላሉ። ቃል የሌለው ግን «አመመኝ» ብሎ ያለቅሳል እንጂ ሌላ ለማለት አይችልም።

በላስታ ተራራ በጎች የሚጠብቅ ልጅም እንዲሁ ነው። አንዲት በግ ብትጠፋበት «ያች ነገር ወደዚያ ሄደች» የሚል እረኛ አባቱን በከንቱ ያንከራትተዋል። «ቦቃዋ በግ ከጅረቱ ማዶ፥ ከገደሉ ሥር ካለው ቁጥቋጦ ገባች» የሚል ግን ሳይመሽና ጅብ ሳይወጣ በጊቱን ያስገኛታል።

ለልጅ ቃል ማስተማር ልዩ ሰዓት አያስፈልገውም፤ ሥራ እየሠሩ ማስተማር ይቻላል። እህል ሳይበስል ጥሬ ይባላል፤ በምጣድ ሲቆላ ቆሎ፥ በውሃ ሲቀቀል ንፍሮ ይሆናል። ገብስም ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ፥ በውሃ ርሶ ከበቀለና ከደረቀ በኋላ ብቅል ይባላል። እናት ዝም ብላ ብትሠራ ልጇ ሥራውን ያያል እንጂ ስሙን አያገኝም። እየሠራች ብትነግረው ግን ከአንድ ምድጃ ዳር 5 ቃል ይዞ ይነሣል።

አባትም ወደ እርሻ ሲወርድ ልጁን አስከትሎ ሞፈሩንና ቀንበሩን፥ እርፉንና ድግሩን፥ ማረሻውንም በየስማቸው ሊያሳየው ይገባል። «ይህ ከብት ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፥ «ይህ ጥጃ ነው፤ ሲያድግ ወይፈን፥ ከዚያም በሬ ይሆናል። ሴቲቱ ግን አስቀድማ ጊደር፥ ከወለደች በኋላ ላም ትባላለች» ቢለው፥ ልጁ ስሙን ብቻ ሳይሆን የከብቱን አስተዳደግ ጭምር ያውቃል።

እንዲህ ያለው ትምህርት በእርሻና በማጀት ብቻ አይቀርም። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም በምትጠራው ከተማ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከእነርሱም አንዱ ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ በመስቀል ቅርጽ ከላይ ወደ ታች ከዐለት ተፈልፍሎ ወጥቷል። አንድ ሕፃን ከአያቱ ጋራ ቆሞ እያየ «ይህን ማን ገነባው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አያቱ «አትለፍልፍ» ሊሉት አይገባም፤ ስለ ተሳሳተም ሊሥቁበት አይገባም። «ልጄ፥ ይህ አልተገነባም፤ ተፈለፈለ እንጂ። ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመጨመር ይቆማል፤ ፍልፍል ግን ድንጋይ በመቀነስ ይወጣል» ቢሉት፥ ልጁ የሁለቱን ቃል ልዩነትና የአባቶቹን ጥበብ በአንድ ጊዜ ይይዛል።

ማታም እሳት ዳር እንቆቅልሽ መጫወት የቆየና መልካም ልማድ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ያንዱን አገር ስም ጠርቶ ይሰጣል። በዚህም ጨዋታ ልጅ ነገርን በመልኩና በጠባዩ መለየትን፥ የሩቅ አገሮችንም ስም ይማራል።

አንዳንድ ሰዎች ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ማለት ይገባዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ ታላላቆች ሲነጋገሩ አቋርጦ መናገር ነውር ነው። ነገር ግን ከጧት እስከ ማታ «ዝም በል» የሚባል ልጅ አፉ ይታሰራል እንጂ ጨዋ አይሆንም። ታላላቆቹ ሲናገሩ መስማትን የተማረ ልጅ፥ እርሱ ሲናገር ደግሞ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። ቃሉ ቢጠፋበትም ጥቂት መታገሥ፥ ከዚያም ትክክለኛውን ቃል በፍቅር ማቀበል ይገባል።

ይህ ሁሉ ወደ ፊት ለንባብ ይረዳዋል። ፊደል ቆጥሮ «ጊደር» የሚለውን ቃል የሚያነብ ልጅ፥ ጊደር ምን እንደ ሆነች ካላወቀ ድምፅ ያሰማል እንጂ አላነበበም። በቤቱ ብዙ ቃል የሰማ ልጅ ግን ያነበበውን ወዲያው ያስተውላል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ በቤቱ ታናሽ ቢኖረው፥ ውሃ ሲቀዳም እንጨት ሲለቅምም በየቀኑ አንድ ቃል ይስጠው። ይህም በዓመት 365 ቃል ይሆናል። እንጀራ ቢያካፍሉት ያንሳል፤ ቃል ግን ለሌላ ሲሰጥ ከሰጪው አይጎድልም።